ዋጤን ያጠገበ ቃል

በአርዛን ምድር ፀሐይ ወጥታ አንዲት ወፍ እንኳ ያልተንጫጫችበት ማለዳ አንድ ብቻ ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም ያንን ማለዳ ያውቀዋል፤ እኔም ወሬዬን የምጀምረው ከዚያው ነው። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ምንጣፉን በብብቱ ይዞ ወደ ጽሞና አዳራሽ ሲገባ፣ ከነገሥታቱ ዘመን በፊት ጀምሮ ከመስቀያው ወርዶ የማያውቀው የድንጋይ ደወል የለም። ወይ ጉድ! አንድ ጎልማሳ ተንገዳግዶ የሚሸከመው ድንጋይ የት ይገባል? ወለሉ ላይ የቀረው ገበቴ የሚያህል እርጥብ ዱካ ብቻ ነበር።

«ዋጤ ነው!» አሉ የአዳራሹ ሊቀ ደንብ ጎዳር። «ከዝም ሸለቆ ወጥቶ ዋጤ ወሰደው!»

ዋጤ ድምፅ የሚበላ አውሬ ነው። ባለፈበት ወፍ አትዘምርም፣ ውሻም አይጮኽም።

የአርዛንን ልማድ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በዚያ አገር ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው መምህሩ በጆሮው አንድ ቃል ያንሾካሹክለታል። ያ ቃል የእሱ ብቻ ነው። ገልጦ ለሌላ የሰጠው እንደሆነ ከልቡ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ዳግመኛም አይመለስም። ማለዳ ማለዳ ደወሉ ሲመታ ሁሉም እግሩን አጣጥፎ፣ ወገቡን አቅንቶ ይቀመጣል። ትንፋሽ ሲገባ ዝም ይላል፤ ትንፋሽ ሲወጣ ቃሉን በጉሮሮው ያዜማል፤ ከጎኑ ያለው ዜማውን እንጂ ቃሉን አይለይም። ዜማው መጀመሪያ ከንፈር ላይ ነው፤ እየቆየ ወደ ደረት ይወርዳል፤ ከዚያ አጥንት ድረስ ይገባል። ያለ ቃል የተቀመጠ ሰው ሐሳቡ እንደ ፍየል ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲዘል ይውላል፤ ቃል ያለው ግን ፍየሏን የሚያስርበት ችካል አለው።

ሰው ግን ሰው ነው፤ ደህና ነገር ካገኘ ይፎካከርበታል። አርዛኖችም መቁጠሪያቸውን እያሳዩ «ዛሬ ሺህ ደገምኩ» «እኔ ሁለት ሺህ» መባባል ጀመሩ። ለዓመቱ ፈጣን ደጋሚ የወርቅ ላባ ሽልማት ወጣለት። ላባውን አምስት ዓመት በተከታታይ የወሰደው የአዳራሹ ዘብ ቡርቃን ነበር። ምላሱ ሲፈጥን የተነካ የንብ ቀፎ ይመስላል እንጂ የሰው አፍ አይመስልም። በዚህ ሩጫ ያልገቡት የአዳራሹ መሪ ኤምራና ልጃቸው ዛፊራ ብቻ ናቸው። ሰውም «ቀርፋፎቹ» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ታዲያ ደወሉ በጠፋበት ማለዳ ኤምራ ጥልቅ ጽሞና ከገቡ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ጥልቅ ጽሞና የገባ ሰው አያይም፣ አይሰማም፤ ትንፋሹ እየቀጠነ ይሄዳል። የሚመልሰው ደወሉ ለዚሁ በተለየው የወይራ በትር ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ብቻ ነው። በሰባተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተጠራ በዚያው ያሸልባል። ዛፊራ እናቷ ፊት ተንበርክካ «እማዬ! እማዬ!» ብላ ብትጣራ የኤምራ ሽፋሽፍት እንኳ አልተነቃነቀም። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ በጉባኤው መካከል ቆመች።

«የአርዛን ሰዎች ስሙኝ! ባጠባችኝ እናቴ፣ በረገጥኩት አፈር እምላለሁ! ዝም ሸለቆ ወርጄ ደወሉን ሳልይዝ ብመለስ ስሜ ከአርዛን ይፋቅ! የሚከተለኝ ይከተለኝ፤ የማይከተለኝም መንገድ ይልቀቅልኝ!»

ጉባኤው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ከኋላ ግን አንድ ግዙፍ ሰው እየተጋፋ ወጣ።

«እኔ አለሁ» አለ ቡርቃን። «በሩን ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። ለዘንድሮው ላባ ቃሌን ሳንበለብል አውሬው በአጠገቤ ማለፉን አላየሁም። አፈር ልብላ! እስከ ሞት እከተልሻለሁ።»

ፈረስ በምታክለው፣ መብረር ትታ ሩጫ በለመደችው ዘንጎ በምትባል ወፍ ጀርባ ላይ ሁለቱም ወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ በቀይ ሜዳና በጨው ወንዝ በኩል ጋለቡ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የዝም ሸለቆ አፋፍ ደረሱ። ከወዲህ ገደል ወደዚያኛው የሚያሻግሩት አርባ የድንጋይ ምሰሶዎች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ጫፍ አንድ እግር ብቻ ያስቆማል። የቆመበት ሰው ልቡ ከባከነ ደግሞ ምሰሶው ይሰምጣል።

ዘንጎን እዚያው ትተዋት ዛፊራ ቀደመች። አንዱን እግሯን በሌላው ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ በዛፍ አቋም ቆመች። ቃሏን በትንፋሿ እያዜመች ከምሰሶ ምሰሶ ተሻገረች፤ አንዱም አልተነቃነቀባትም። ቡርቃን ግን ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፍርሃት ያዘውና ምላሱ መሮጥ ጀመረ፤ ምሰሶውም ዥው ብሎ ወረደ።

«ጋሼ ቡርቃን! ቀስ በል!» ብላ ጮኸች።

«ቀስ ማለት መቼ ለመድኩና እህቴ! ሞትኩልሽ!»

«አትቁጠር! መቁጠሪያህን ጣለው። አየር ሳብ፤ ዝም በል። አሁን አንዴ ብቻ በለው፤ ትንፋሽህ እስኪያልቅ ጎትተው። ከንፈርህ ላይ አታስቀረው፤ ደረትህ ውስጥ ይንዘር።»

ቡርቃን መቁጠሪያውን ገደል ወረወረ። ዓይኑን አንድ ቦታ ተከለ፤ አየር ሳበና ቃሉን አንዴ፣ በረጅሙ አለው። ምሰሶው መስመጡን አቁሞ ወደ ላይ ተመለሰ። የጎልማሳው ፊት ተለዋወጠ።

«እንዴ! እንዲህ ነበር እንዴ የሚለው?» አለ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ስለው ኖሬ አንድ ቀን አልሰማሁትም!»

አርባውን ተሻግረው ዋሻው ውስጥ ዋጤን አገኙት። ቤት ያክላል፤ ግን የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይለያል፤ ዓይኑ ፈዝዟል። ደወሉን በሁለት እጁ አቅፎ ይልሰዋል። ቡርቃን ሰይፉን መዘዘ፤ ዛፊራ ግን ክንዱን ያዘችው።

«ደወላችንን መልስልን» አለችው አውሬውን። «እናቴ በእሱ እጦት ልትሞትብኝ ነው።»

«የእኔንስ ሞት ማን አየ?» አለ ዋጤ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «አያቶቻችሁ በማለዳ የሚያዜሙት ቃል በነፋስ እስከዚህ ይደርስ ነበር። ከልብ የወጣ አንድ ቃል ወር ያከርመኛል። ከእናንተ የሚደርሰኝ ግን ገለባ ነው! በቀን ሺህ ጊዜ ሺህ ገለባ፤ ትንፋሽ የለው፣ ልብ የለው! በበላሁ ቁጥር እከሳለሁ። የሁለት ሰዎች ቃል ብቻ አልፎ አልፎ ደርሶ ነፍሴን አቆያት። ደወሉ ውስጥ ፍሬ ይኖር ይሆን ብዬ ወሰድኩት፤ እሱም ድንጋይ ሆነብኝ። አንድ ሙሉ ቃል የሰጠኝ ሰው ደወሉን ይውሰድ።»

ቡርቃን ሰይፉን ጣለና ተንበረከከ። «የእኔን ውሰድ፤ ልጅቷን ተዋት» ብሎ ቃሉን ገና ሳይገልጥ አዜመለት። ዋጤ በምላሱ ጫፍ ቀመሰው።

«ገለባ ነው» አለ። ደግሞ ቀመሰውና ለስለስ አለ። «አይ፣ ሦስት አራት ፍሬ አለበት፤ ዛሬ የበቀለ ነው። መልሰህ ያዘው፤ ቢያድግ ይሻላል።» ቡርቃን በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ዛፊራ ዘጠኝ ዓመት ያሳደገችውን ቃል አሰበች። ሲከፋት የምትገባበት ቤቷ ነበር፤ ስትታመም አብሯት አድሯል። ከሰጠችው ዳግመኛ እንደማታገኘው፣ ቃል የሌለውም ሰው በአዳራሹ ለጽሞና እንደማይቀመጥ ታውቃለች። ፈራች፤ ማን አይፈራም? ግን የእናቷ ትንፋሽ ስንት ቀን እንደቀረው ደግሞ ታውቃለች። እግሯን አጣጥፋ ዋሻው ወለል ላይ ተቀመጠች። ወገቧን አቀናች።

መጀመሪያ በደረቷ አዜመችው፤ ድንጋዮቹ ነዘሩ። ሁለተኛ በአጥንቷ አዜመችው፤ የዋጤ ዓይን በራ። በሦስተኛው ገልጣ፣ ጮክ ብላ ሰጠችው።

ዋጤ ዋጠው። እንባው ኮለል ብሎ ወረደ። «ጠገብኩ» አለ፤ ደወሉን በቀስታ ወደ እሷ ገፋው፤ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። ያን ጊዜ ከዋሻው አፍ ላይ አንዲት ወፍ ጮኸች፤ በዝም ሸለቆ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዛፊራ ቃሏን በልቧ ፈለገችው፤ አጣችው። ቦታው እንደተነቀለ ጥርስ ቦታ ባዶ ነበር።

ቡርቃን ደወሉን በጀርባው አዝሎ አርባውን ምሰሶ በአንድ አንድ እግሩ ተመለሰ፤ ሲሻገር ቃሉን ከአርባ ጊዜ በላይ አላለውም፤ ቃል የሌላት ዛፊራም ልቧን በእሱ ዜማ ላይ አሳርፋ ከኋላው ተሻገረች። ዘንጎ እስክትደክም ጋልበው በሰባተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አዳራሹ ደረሱ። ደወሉ ተሰቀለ። ዛፊራ በወይራው በትር መታችው፤ ድምፁ ግድግዳውን ሞላ። የኤምራ ደረት ከፍ አለ፤ ዓይናቸው ተከፈተ። ሕዝቡ እልል አለ!

ኤምራ ግን ከሁሉ አስቀድመው ያዩት የልጃቸውን ፊት ነበር። «ዛፊራ፣ ምን ሆነሻል? ምን ጎደለብሽ?»

«ቃሌን ሰጠሁት፣ እማዬ።»

«ማን ስጪ አለሽ!» ብለው በቁጣ ጮኹ፤ ወዲያው አቅፈዋት አብረው ተንሰቀሰቁ።

በማግሥቱ ማለዳ ሕዝቡ ምንጣፉን ይዞ መጣ። ሊቀ ደንብ ጎዳር ደፉ ላይ ቆመው ዛፊራን አስቆሟት። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሲያለቅሱ ማደራቸው ያስታውቃል። «ልጄ፣ አንቺ አገር ያዳንሽ ነሽ። ደንብ ግን ደንብ ነው። ቃል የሌለው እዚህ አይቀመጥም።»

ዛፊራ አንገቷን ደፍታ ዞር አለች። ሣሩ ላይ ምንጣፏን ዘርግታ ብቻዋን ተቀመጠች። ኤምራ ከአዳራሹ ውስጥ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ፤ ወጡ፤ ከልጃቸው ጎን አነጠፉ። ቀጥሎ ቡርቃን ወጣ። ከዚያ አንዲት እርጉዝ ሴት፣ ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ እየተጋፋ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ከደወሉ ጋር ጎዳር ብቻቸውን ቀሩ።

ውጭ ደወል የመታ የለም። ኤምራ አየር ሳቡ፤ ሕዝቡም ሳበ። ሲተነፍሱ የሺህ ሰው ሺህ ቃል፣ አንዱም ሳይሮጥ፣ ከሣሩ ላይ ተነሣ። ቃል በሌላት በዛፊራ ደረት ውስጥ ገብቶ አጥንቷ ድረስ ነዘረ። ያ ባዶ ቦታ ሲሞላ ተሰማትና ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

አንድ ሰው ትከሻዋን በቀስታ ነካ አደረጋት። ጎዳር ምንጣፋቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል።

«ጠጋ በይልኝ፣ ልጄ» አሏት፤ ከጎኗም ተቀመጡ።