የተነቀለው ቁልፍ

ተርጓሚው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ወድቆ ተገኘ። የገደለው በሻዩ ውስጥ የነበረው የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ፊቱ፣ ጠረጴዛው መሀል ላይ በርቶ ነበር፤ ስክሪኑ ላይም ሁለት መስመር ተጽፏል። «ሚስቴ በዚህ ማሽን አሰቃየችኝ። መኖር ሰለቸኝ።»

ሚስትየው ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማን ሂጂ አለሽ?» አለች መርማሪዋ።

ሚስትየው የሟቹን ወንድም በአገጯ አመለከተች።

«ባሏን የጨረሰች ሴት አባቴ ቤት አታድርም» አለ ወንድምየው። «እኔ ወደዚህ ብቅ ካልኩ ወር አልፎኛል። ብመጣ ኖሮ አትጨርሰውም ነበር።»

«ማሽኑ ምን አደረገው?»

«አሮጌው ሲበላሽበት እኔ ገዛሁለት» አለች ሚስትየው። «በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች ስላሉት ፊደሎቹ ወደ ግራ ተገፍተዋል። አንገቴ ተጣመመ እያለ ማሽኑን ወደ ቀኝ ይስበው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይም በፕላስተር ምልክት አደረገ። በአሮጌው ላይ መሰረዣው በነበረበት ቦታ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው ተተክሏል። ፊደል ልሰርዝ ሲል ማሽኑ ድርግም ይልበታል። ትናንት ጠዋት የማብሪያውን ቁልፍ በቢላ ነቀለው። እንዳትነኪብኝ ብሎ ስለጮኸብኝ እህቴ ጋ ሄጄ አደርኩ።»

ላፕቶፑን የሸጠውም ተጠርቶ መጥቷል። «ሊመልስ መጥቶ ሰደበኝ፤ እኔም አልተኛሁለትም። ዘንድሮ የሚመጣው ሁሉ እንዲህ ነው። ኪቦርዱን የሠራሁት እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንተ ብትሞት ይሻል ነበር» አለችው ሚስትየው።

መርማሪዋ ሦስቱንም አስወጥታ በሩን ዘጋች። የፕላስተሩ ምልክት ከማሽኑ ጠርዝ አራት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ርቆ ቀርቷል። ማሽኑን አነሳችው። ከሆዱ ሥር አንዲት የጥርስ ስቴኪኒ ፕላስተር ውስጥ ተሸጉጣለች። መልሳ እንደነበረ አስቀመጠችው፤ አጠፋችው፤ ከዚያ ጠራቻቸው።

«ደብዳቤውን እንደገና ላነብ ነበር፤ ማሽኑ እምቢ አለኝ። እስቲ አብሩልኝ።»

ሚስትየው ጎንና ጎኑን ዳብሳ ተወችው። ሻጩ ቁልፉ የተነቀለበትን ቀዳዳ አይቶ እጁን አጣጠፈ። «የተሰበረ ዕቃ አልነካም። ኋላ እኔው ላይ ሊላከክ ነው።»

«አንድ ማሽን ማብራት አቃታችሁ?» አለ ወንድምየው። ላፕቶፑን ገልበጥ አድርጎ ስቴኪኒዋን መዘዘና ቀዳዳው ውስጥ ወጋ አደረጋት። ስክሪኑ በራ።

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሟቹ ጽፎት ቢሆን ማሽኑ ምልክቱ ላይ ይገኝ ነበር። ሌላ ሰው ነው ጽፎ መሀል ላይ የመለሰው፤ ማንም እንደሚያስቀምጠው። ያ ሰው ማሽኑን ማብራት ነበረበት። ቁልፉ የተነቀለው ትናንት ጠዋት ነው፤ ስቴኪኒዋ የተሸጎጠችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሚስቱ አላወቀቻትም። ሻጩም አላወቃትም። ወር ሙሉ ያልመጣኸው አንተ ግን እጅህን ሰድደህ አወጣሃት።»

«ገምቼ ነው።»

«ማሽን ገልብጦ ሆዱ ሥር ስቴኪኒ የሚገምት ሰው አላየሁም። ትናንት አመሻሽ ሻይ ይዘህለት ስትቀመጥ፣ ሲያበራው አየኸው።»

ወንድምየው ሚስትየውን እንጂ መርማሪዋን አላያትም። «የአባቴ ቤት ነው» አለ። «እሷ ተንደላቃ ልትኖርበት፣ እኔ ከደጅ ልቀር?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሚስትየው ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ውስጥ መለሰች።

«ያንን ማሽን ይውሰዱልኝ» አለቻት መርማሪዋን። «ጉዳዩ ቢያልቅም እንዳይመልሱልኝ።»