መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ

እየሩስ ሁዳን ከሩቅ ስታያት ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ልትሸሽ ነበር። ግን ሁዳ ቀደመቻት፤ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ተገተረች።

«ጨረስኩት!» አለቻት።

እየሩስ ክው አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት፣ በትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ መጽሐፍ የምትጠቁመው እየሩስ ናት። የምትጠቁመው ደግሞ የሳይንስ ልቦለድ ብቻ ነው፤ መንኮራኩር ከሌለበት መጽሐፍ ጋር አትግባባም። ልጆቹ «የሕፃን ተረት» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። ባለፈው ዓርብ ታዲያ እልህ ያዛትና ማርስ ላይ ውሃ ፍለጋ ስለምትቆፍር መሐንዲስ የሚተርክ ልቦለድ ጠቆመች። «መጨረሻው ላይ ያላለቀሰ ሰው ድንጋይ ነው!» ብላ ግቢውን አናወጠችው።

እሷ ራሷ ግን አላለቀሰችም። መጨረሻውን መቼ አነበበችውና! መጽሐፉን የገዛችው ፒያሳ፣ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። ሰውዬው አልደበቃትም፤ «እህቴ፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል፤ የረከሰልሽ ለዚያ ነው» ብሏታል። መሐንዲሷ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባች መጽሐፉ አበቃ። ለቅሶውን እየሩስ ከራሷ ጨመረችበት። የዴስክ ጓደኛዋ ሁዳ አጎቷ ቤት ሙሉውን መጽሐፍ ታገኛለች ብላ አላሰበችም።

«ግን አላለቀስኩም» አለች ሁዳ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «መጨረሻውን ደጋግሜ አነበብኩት። እማዬ እንኳ ‹ምን ሆነሻል?› አለችኝ። እኔ ግን ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

እየሩስ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። በጥሞና አላነበብሽውም ብትላት ሁዳ ታምናታለች፤ ሁዳ እሷ ያለችውን ሁሉ ታምናለች። ግን የጓደኛዋን ፊት አይታ አልቻለችም።

«ሁዲ፣ የእኔ መጽሐፍ መጨረሻ የለውም።»

«እንዴት?»

«ተገንጥሏል። አላነበብኩትም። ያስለቅሳል ያልኩት ዝም ብዬ ነው።»

ሁዳ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። «ድንጋይ የሆንኩ መስሎኝ ነበር እኮ!» ወዲያው ግን በመጽሐፉ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት። «ሁለተኛ እንዲህ ብትሸውጂኝ አንላቀቅም!»

«ሁለተኛ አይለምደኝም» አለች እየሩስ። ሳምንቱን ሙሉ የከበዳት ነገር ለቀቃትና እፎይ አለች።

«ለማንኛውም መሐንዲሷ ከጉድጓዱ…»

«እንዳትነግሪኝ!» እየሩስ ጆሮዋን በእጆቿ ደፈነች። ሁዳ እየሳቀች መጽሐፉን ሰጠቻት።

ሚኒ ሚዲያው ላይ ዘፈን የሚያጫውተው ተስፋሁን ከውስጥ ተጣራ። «እየሩስ፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ነው! ዛሬ ምን ልትጠቁሚ ነው?»

አዲስ መጽሐፍ አዘጋጅታ ነበር። ስለ እሱ የጻፈችበትን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ማይኩን ያዘች።

«ባለፈው ዓርብ ያስለቅሳል ያልኳችሁን መጽሐፍ» አለች፣ «እኔ ራሴ አልጨረስኩትም ነበር።»

ከግቢው ሳቅና ፉጨት መጣ። ጆሮዋ ጋለ። ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ዛሬ ተውሼዋለሁ። ቀድማችሁኝ የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ።»