ሳትመጣ የተመዘገበችው ታካሚ

እኔ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ሹልክ ብዬ ሻይ ላፈላ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ፊት መቀመጥ አይሆንልኝም። ሙያዬም ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያልነገሩትን አይሠራም፣ ከሠራም የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ነግሮታል ማለት ነው፣ ይህንን እምነቴን ይዤ ነው ወረታ የሄድኩት፣ እመኑኝ፣ ስመለስ ግን ይዤው አልተመለስኩም።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ለክሊኒኮች የታካሚ መመዝገቢያ ፕሮግራም በሚሠራ አንድ ትንሽ የአዲስ አበባ ድርጅት ውስጥ አሰልጣኝ ነበርኩ፣ ዘመኑ ትዝ ይላችሁ እንደሆነ ሁሉም ነገር ስልጠና የነበረበት ነው፣ የቢፒአር ስልጠና፣ የአንድ ለአምስት ስልጠና፣ ሰዉ "አሰልጣኝ መጣች" ሲባል ገና ከበሩ ማዛጋት ይጀምር ነበር። የወረታዎቹ ግን አላዛጉም። ክሊኒኩ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የግል ክሊኒክ ነው፣ ዶክተሩ፣ ባለቤቱ ማለቴ ነው፣ ያን ሳምንት ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ስለነበረ ቤቱ በሁለት ሰዎች እጅ ነበር ማለት ይቻላል።

አንደኛው ካርድ ክፍል የሚሠሩት ጋሽ ሙላው ናቸው፣ ሃምሳዎቹን የጨረሱ ቀጭን ሰውዬ፣ የታካሚውን ሁሉ የካርድ ቁጥር በቃላቸው የሚያውቁ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ሲነሱ መልሰው ያደርጋሉ። ሁለተኛዋ አዋላጇ ሲስተር አበባ ናት፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ማዋለጃ ክፍል ሆና ስትስቅ ካርድ ክፍል ያለው ሰው ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ይስቃል።

ስልጠናው አራት ቀን ነበር፣ ነሐሴ ውስጥ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራ ሜዳ ግማሹ ሩዝ ግማሹ ውሃ በሆነበት ሰሞን፣ ማታ ማታ የቡሄ ጅራፍ ከየሰፈሩ ሲጮህ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን "በሉ አሁን እያንዳንዳችሁ ከራሳችሁ ፈጥራችሁ አንድ ታካሚ አስገቡ፣ ለልምምድ ነው፣ የሌለ ሰው ይሁን" አልኳቸው። የላቦራቶሪው ባለሙያ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ ጉሮሮው ታሞ አስገባው፣ ሲስተር አበባ ደግሞ ዶክተሩን ራሱን "በስብሰባ ብዛት ወገቡን ያመመው" ብላ መዘገበችው፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ጋሽ ሙላው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

"ስም?" አልኳቸው።

"ይታይሽ ጓንጉል" አሉ፣ ወዲያው፣ አንዲት ሰከንድ እንኳን ሳያስቡ።

"ዕድሜ?"

"ሃያ ሰባት።"

"የመጣችበት ምክንያት?"

"ምጥ።"

ይህን ሁሉ በሁለት ጣታቸው ፊደል በፊደል እየለቀሙ ጻፉት፣ ሲጨርሱ ማስታወሻ የሚለው ሳጥን ውስጥ ማንም ሳይጠይቃቸው "መንታ" ብለው ጨመሩበት።

"ኧረ ጋሽ ሙላው!" አለች ሲስተር አበባ፣ "መንታውን ደግሞ ማን አዘዘዎት?"

"ፍጠሩ አላለችም እንዴ? ከፈጠርሁ አይቀር ብየ ነው" አሉ፣ ፈገግ ሳይሉ።

ፕሮግራሙ አዲስ ታካሚ ተራ ሲይዝ ቲንግ የሚል ደወል ያሰማል፣ ለጋሽ ሙላውም ቲንግ አለላቸው፣ አጨበጨብንላቸው። ማታ ከመሄዳችን በፊት የልምምዱን ታካሚዎች በሙሉ፣ ዶሮውንም ዶክተሩንም ይታይሽንም፣ በገዛ እጄ አጠፋሁ፣ መዝገቡ ባዶ መሆኑንም አይቼ ነው የወጣሁት፣ ይህችን ልብ በሉልኝ።

አራተኛው ቀን የቡሄ ዋዜማ ነበር። ሲስተር አበባ በዓሉን እናቷ ጋ ለመዋል ወደ ታቦር የሚሄደውን የመጨረሻ ሚኒባስ መያዝ ነበረባት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልጠናውን ጨርሰን ተሳስመናል፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ ወጥቷል፣ እሷ ጥላዋንና ቦርሳዋን ይዛ በሩ ጋ ደርሳለች፣ ጋሽ ሙላው መስኮት እየዘጉ ነው፣ ዝናቡም አባርቷል፣ እኔ ወንበሬን ገፋ አድርጌ ከመነሳቴ ኮምፒውተሩ ቲንግ አለ።

ዞሬ አየሁ። "ይታይሽ ጓንጉል፣ 27፣ ምጥ፣ በመጠባበቅ ላይ።"

"አላጠፋሁትም ማለት ነው" አልኩና አጠፋሁት። ገና እጄን ሳላነሳ ቲንግ። ተመልሳ መጣች። ሲስተር አበባ ከበሩ ሆና ሳቀች፣ "ቫይረስ ይዞታል፣ መርፌ ልውጋው?" አለችኝ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው፣ የፕሮግራም ስህተት እንጂ ሌላ ነገር በሐሳቤም አልነበረም። ወደ ዶክተሩ ክፍል ኮምፒውተር የሚሄደውን የኔትወርክ ገመድ ነቀልኩት፣ ኪቦርዱንም ነቅዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ በማውሱ ብቻ አጠፋኋት፣ ከዚያ እጆቼን አጣጥፌ ጠበቅሁ። ውጭ ጅራፍ ጮኸ። ቲንግ።

የሲስተር አበባ ሳቅ ያኔ ነው ያቆመው። ከመንገዱ መገንጠያ በኩል የሚኒባሱ ረዳት "ታቦር! ታቦር! የቀረ!" እያለ ሲጣራ ይሰማል።

"ሲስተር" አሉ ጋሽ ሙላው፣ መስኮቱን እንደያዙ፣ "እባክሽ፣ ትንሽ ብትቆይስ?"

"ለማን ብየ? ለሌለች ሴት?"

"እኔንጃ። ብቻ ቆይ።"

እሷም ጋሽ ሙላውን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ "ይሄ ኮምፒውተርሽ ከእናቴ ሊያጣላኝ ነው" አለችና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ሚኒባሱም ጥሩምባውን እያስጮኸ ሄደ። ሩብ ሰዓት ቢሞላ ነው፣ ምናልባትም አይሞላም፣ የግቢው በር በእግር ተበረገደ፣ እስከ ወገባቸው ጭቃ የሆኑ አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ፣ ከወደ ጣና፣ ውሃ ከከበበው መንደር ነው የመጡት፣ ግማሹን መንገድ በታንኳ፣ ግማሹን በትከሻ፣ ቃሬዛው ላይ ያለችው ሴት ጋቢውን በጥርሷ ነክሳለች። ሲስተር አበባ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ማዋለጃ ክፍል አስገባቻት።

ባልየው ካርድ ክፍሉ በር ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ ቆመ። ጋሽ ሙላው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ስሟ ማን ነው?"

"ይታይሽ።"

"የአባቷስ?"

"ጓንጉል።"

ጋሽ ሙላው አልጻፉም፣ ምን ይጽፋሉ፣ ተጽፏል። ስክሪኑን ወደ እኔ ዞር አደረጉት። ዕድሜዋን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ፣ ባልየውም ትንሽ አሰበና "ለመስከረም ሃያ ስምንት ትገባለች" አለ።

ከዚያ ምን እንደምንሠራ ሳናውቅ ሦስታችንም እዚያው ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፣ ሲስተር አበባ ከውስጥ "ወንድ ነው!" ብላ ጮኸች፣ ባልየው በጉልበቱ ወድቆ መሬቱን ሳመ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ኮምፒውተሩ ለአራተኛ ጊዜ ቲንግ አለ፣ አሁን ግን ስም አይደለም ያወጣው፣ ማስታወሻ የሚለው ሳጥን ብቻ ተከፍቶ ጠቋሚው መስመር ውስጡ ካለችው ቃል ጎን ብልጭ ድርግም ይላል። ጋሽ ሙላው ጎንበስ ብለው ልክ እንደጻፉት ፊደል በፊደል አነበቡት፣ "መ... ን... ታ"፣ ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አየኋቸው፣ የማዋለጃውን በር በሁለት እጃቸው ደበደቡት።

"ሲስተር! አንች ሲስተር! ቆይ፣ ምንም እንዳታደርጊ! ሁለት ናቸው!"



ሲስተር አበባ ኋላ ነው የነገረችን፣ የእንግዴ ልጁን የሚያስወጣውን መርፌ ቀድታ በእጇ ይዛ ነበር፣ ያ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ሆድ ይዳሰሳል፣ ሌላ ሕፃን እንደሌለ ይረጋገጣል፣ ይህን ደግሞ እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ግን ብቻዋን ናት፣ ሕፃኑን በአንድ እጇ እናቲቱን በሌላው ይዛለች፣ እና የዚያን ቀን ዘነጋችው። "ዳሰስሁ" አለችን፣ "ጭንቅላት ነካሁ።" መርፌውን ወግታት ቢሆን ኖሮ ማሕፀኗ ውስጡ በቀረው ልጅ ላይ ይኮማተር ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም።

ሁለተኛዋ እግሯን አስቀድማ ነው የመጣችው፣ ያ ጥበቃ የስንት ሰዓት እንደመሰለኝ ልነግራችሁ አልችልም፣ በመጨረሻ ግን አለቀሰች፣ እንዴት ያለ ለቅሶ፣ ከወንድሟ ይበልጥ የምትጮህ! ሲስተር አበባ ራሷ እልል አለች፣ ጎረቤቶች ሰምተው ከግቢ ውጭ ተቀበሏት፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ በዚያ ጭቃቸው እስክስታ ወረዱ፣ አንዲት ጎረቤት ለነገ የጋገረችውን ሙልሙል በሌማት ይዛ መጣች፣ ቡሄ በወረታ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ገባ ማለት ነው። ጋሽ ሙላው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀምጠው ለሁለቱ ሕፃናት ካርድ ከፈቱ፣ የኔን ፕሮግራም ካየሁት ሁሉ አሳምረው ሠሩበት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቸገሩ።

"ስም ካልጻፍሁ አላልፍም ይላል፤ እነሱ ደግሞ ገና ስም አልወጣላቸው።"

"የመጣልዎትን ይጻፉ" አልኳቸው።

"አይ ልጄ" አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ "ከእንግዲህ የሚመጣልኝን አልጽፍም።" አስበው አስበው "ቡሄ አንድ" እና "ቡሄ ሁለት" ብለው መዘገቧቸው።

ያንን ስም ከየት አመጡት ብዬ ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ሴትዮዋን ከዚያ በፊት አይተዋት አያውቁም፣ የማይዋሹ ሰው መሆናቸውን ደግሞ ፊታቸው ይናገራል። ፕሮግራሙ ማን ምን ሰዓት ምን እንዳስገባ ይመዘግባል፣ ያንንም አየሁት፣ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሙላው ያስገቡት በስማቸው አለ፣ የእኔ ማጥፋትም በስሜ አለ፣ ከዚያ በኋላ ይታይሽ ተመልሳ የመጣችባቸው ግን ሰዓት አላቸው፣ ያስገባው ሰው የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ያ ቦታ ባዶ እንዳይሆን አድርገው ነው የሠሩት፣ የሠራውን ሰው አዲስ አበባ ስመለስ ጠየቅሁት፣ "አይቻልም" ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በበነጋው ከመሳፈሬ በፊት ይታይሽን ልሰናበታት ገባሁ። ሁለቱንም አቅፋ ደክሟትም ቢሆን ፊቷ ያበራል፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል።

"ያች ሴትዮስ ሄደች?" አለችኝ። "ሳላመሰግናት።"

"ሲስተር አበባን ነው? አልሄደችም፣ ውጭ ናት።"

"እሷን አይደለም። በሩ ላይ የነበረችውን ነው እንጅ። እነሱማ ወደ ጤና ጣቢያው ሊያልፉ ነበር፤ እሷ ናት ስሜን እስካባቴ ጠርታ 'ነይ፣ ተራሽ ነው' ያለችኝ። ያኔ አስቁሙኝ አልኋቸው።"

ባሏን አየሁት። "እኔ ሴት አላየሁ" አለ፣ "አስቁሙኝ ስትለኝ ብቻ ነው የሰማሁ።"

"ምን ዓይነት ሴት ናት?" አልኳት።

ይታይሽ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝና ሳቀች። "ቁርጥ አንችን ናት እንጅ! እናትሽ መስላኝ ነበር እኮ። ፍንጭቷም ልክ እንዳንች ነው። ፀጉሯ ብቻ ከፊቱ ሸበቶ ነው፣ መነጽር አርጋለች።"

እናቴ ፍንጭት የላትም፣ ወረታንም ረግጣ አታውቅም።

እነዚያ ሕፃናት አሁን አድገዋል፣ ሲስተር አበባ በየቡሄው ትደውልልኛለች፣ ሴቷ ዛሬም ከወንድሟ ይበልጥ ትጮኻለች አሉ፣ ይህን በሰማሁ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል፣ ስለዚህ የማዝንበት ነገር አለ ብላችሁ እንዳታስቡ። ብቻ ባለፈው ዓመት ፀጉሬ ከግንባሬ በላይ ነጭ ማውጣት ጀመረ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ የዓይን ሐኪም አይቶኝ የመነጽር ወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የመነጽር ማሠሪያ ቤቱም ከቢሮዬ ሥር ነው፣ እስካሁን አልገባሁም።