የሠራተኞች ብዛት

«አልጽፍም» አለች ልጅቷ። እስክሪብቶውን ከደነችና ቅጹ ላይ አስተኛችው።

አባትየው እንዳልሰማ ሆኖ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ የሚለካ ነገር ስላልነበረ መልሶ አንገቱ ላይ ጣለው።

«ሦስት መቶ ሃያ ብለሽ ጻፊ ነው ያልኩሽ። ሥዕል ሣዪ አላልኩሽም።»

ቅጹ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። አንድ ትምህርት ቤት አራት መቶ የዩኒፎርም ሸሚዝ ማሰፋት ፈልጓል፤ ዋጋ የሚያቀርብ ልብስ ሰፊ ሁሉ እስከ ስድስት ሰዓት ፖስታውን አሽጎ ማስገባት አለበት። አሁን አራት ተኩል ሆኗል። የአባትየው እጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው መሬት ስለሚመስል፣ ቅጽ መሙላት የልጅቷ ሥራ ነው። እስካሁን ያለ ጠብ ሞልታለች፤ የድርጅቱ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የሠራተኞች ብዛት። የመጨረሻውን ስትጠይቀው «አንድ» ብሏታል፣ በአውራ ጣቱ ደረቱን እየጠቆመ። እሷም 1 ብላ ጽፋለች። ጠቡ የመጣው ዋጋ የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ነው።

«ትርፍ አለው አልኩሽ እኮ» አለ አባትየው ጣቶቹን እየዘረጋ። የልብስ ሰፊ ጣት ከካልኩሌተር ይበልጣል ብሎ ያምናል። «ጨርቅ መቶ ዘጠና። ክርና ቁልፍ ሃያ አምስት። ኪራይና መብራት ሠላሳ። የእኔ እጅ ስድሳ። ሦስት መቶ አምስት። በአንዱ ሸሚዝ አሥራ አምስት ይተርፋል፤ በአራት መቶው ስድስት ሺህ። ኦዲተሯ፣ ተሳሳትኩ?»

«ኦዲተሯ» የሚላት በትምህርት ቤቷ የአመራር ሒሳብና የወጪ ቁጥጥር መማር ከጀመረች ወዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ ለጎረቤት ሲያወራ በኩራት ነበር። የሱቁን ደረሰኝ በካርቶን መሰብሰብ ስትጀምር ድምፁ ተቀየረ።

«ድምሩ ልክ ነው። የጎደለ ግን አለ።»

«ምን ጎደለ?»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። እናትየው እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። በቀኟ ያለቀላቸው፣ በግራዋ የሚጠብቋት ሸሚዞች ተቆልለዋል። ካውያው ከእግሯ ሥር ይግላል።

«እናትሽ ናታ!» አለ አባትየው ግራ ገብቶት።

«ቁልፍ ትተክላለች፣ የቁልፉን ቀዳዳ ትሰፋለች፣ ትተኩሳለች። በስልኬ ሰዓት ይዤባታለሁ። አንዱ ሸሚዝ ሃያ ሁለት ደቂቃ።»

«አንቺ! ተደብቀሽ ነው የቆጠርሽኝ?» አለች እናትየው ቀና ብላ። «ጎረቤቴ መጥታ በወሬ የያዘችኝ ቀን ከሆነ እንዳይያዝብኝ።»

«እሱን ቀንሼዋለሁ እማዬ።»

«እናትሽ የቤት ሰው ናት» አለ አባትየው። «የቤት ሰው ዋጋ ይወጣለታል እንዴ? ነገ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተነፈስኩ ቁጠሪ።»

«አምና ዋጋ አውጥተህላታል።»

«እኔ?»

ልጅቷ ከካርቶኑ ሁለት ወረቀት መዘዘች። «የእማዬ እጅ ያበጠ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ቀጥረህ ነበር። በሸሚዝ ሃያ ስምንት ከፍለሃታል፤ ፈርማልሃለች። በዚያ ወር ትርፉን ምን በላው ብለህ ነበር?»

«ክር ተወድዶ ነዋ።»

«የክሩ ደረሰኝ ይኸው። አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ሃያ ስምንቱን ጨምርበት፤ ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ነው የሚያስወጣን። በሸሚዝ አሥራ ሦስት እንከስራለን። በአራት መቶው አምስት ሺህ ሁለት መቶ። ሙድ እየያዝኩብህ አይደለም አባዬ፤ ደምረው።»

አባትየው ጣቶቹን አየ። አልዘረጋቸውም።

«ስንት ይሁን ነው የምትይው?»

«ሦስት መቶ ሃምሳ።»

«ማዶ ያለው ሰፊ በሦስት መቶ ሃያ አምስት ነው የሚያስገባው። ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። ሥራው ቢያመልጠንስ?»

«ካመለጠን አምስት ሺህ ሁለት መቶ አተረፍን።»

«ልጅ አስተምሩ ይላሉ!» አለ አባትየው ለጣሪያው። ከዚያ ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና እስክሪብቶውን አነሣ። «በቃ፣ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

«ጻፈው» አለች እናትየው።

ድምፅዋ ጨው አቀብለኝ የምትል ሰው ድምፅ ነበር። መርፌዋን የሸሚዙ ኮሌታ ላይ ሰካች፤ ሸሚዙንም አጥፋ በግራ በኩል ካለው ክምር ላይ መለሰችው።

«ሦስት መቶ ሃያ ብለህ ጻፈው። ቁልፉን ግን ለዚያች ሴትዮ ውሰድላት። ቤቷን ታውቀዋለህ።»

እጆቿንም ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። ልጅቷ እነዚያን እጆች በሥራ ሰዓት ባዶ ሆነው አይታቸው አታውቅም። አባትየውም አይቶ የሚያውቅ አይመስልም፤ እስክሪብቶውን ሳጥኑ ላይ እንዳንጠለጠለ እነሱን ይመለከት ጀመር።

አባትየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ቅጹ አጠገብ ተወው።

«ስድስት ሰዓት እንዳይሞላብሽ» አለና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄደ። መቀሱን አነሣ፤ ሲቆርጥ ግን አልተሰማም።

ልጅቷ እስክሪብቶውን አነሣች። ወደ ዋጋው ሳጥን አልሄደችም። ወደ ላይ ወጣች፣ ያለ ጠብ ወደ ሞላችው መስመር። የሒሳብ መምህሯ ስሕተት አይፋቅም፣ አንድ መስመር ይሰመርበትና አጠገቡ ይፈረማል ብሎ አስተምሯታል። 1 ላይ አሰመረችበት፤ ቀጥላም 2 ብላ ጽፋ ፈረመች።

ከዚያ ወደ ዋጋው ወረደች።