ከበረንዳው ስር የሚያንኳኳው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እናቴ ትሙት፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

አናጢ ነኝ። ከታናሽ ወንድሜ ከቀጮ ጋር የአንድ አሮጌ የቴኒስ ክለብ ወለል እያደስን ነበር። ቤቱ ያምራል... ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ፣ ወደ ሜዳው የሚያዩ ቅስት መስኮቶች። ወለሉ ጣውላ ሆኖ ከመሬት በወገብ ልክ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ወደ ስር የሚያስገባው አንድ መውረጃ ብቻ ነው፤ እሱም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነው።

ጠዋት ሽማግሌው ዘበኛ አንድ ነገር ነግረውን ነበር።

"ድሮ ለመክፈቻው ውድድር ሲጣደፉ፣ አንዱን አናጢ ከስር እንዳለ ጣውላውን መቱበት ይባላል። ጩኸቱን ጭብጨባው ዋጠው።"

"አባባ፣ እኛን ሊያስፈራሩ ነው እንዴ?" ብሎ ቀጮ ሳቀባቸው።

አሠራራችን ቀላል ነው። እሱ ከስር እየዳኸ ያያል። ሁለቴ በመዶሻው ካንኳኳ፣ ጣውላው በስብሷል። አንዴ ካንኳኳ ደህና ነው፣ ምስማር እጨምርበታለሁ።

ገባ። እንዳልወድቅበት የመውረጃውን መክደኛ መለስኩት።

ኳ... መታሁ።

ኳ... መታሁ።

"ዛሬስ ቀንቶናል!" አልኩ።

በረንዳው ላይ ግን አንዱ ጣውላ እንደ ራሰ ዳቦ ረገበብኝ።

"ቀጮ! ይሄ እኮ በስብሷል!"

ኳ። አንዴ። ጠንከር አድርጎ።

ተናደድኩ። ግን ከኔ ይልቅ እሱ ያያል ብዬ መታሁት።

እንዲህ እያልኩ መውረጃው ጋ ደረስኩ። ከመክደኛው ስር...

ኳ።

"ምን ነካህ? ይሄን ከመታሁትማ በየት ልትወጣ ነው?" ሳቅኩ።

ኳ።

ስልኬ ነዘረ። ቀጮ ነው።

"ጋሼ..." በሹክሹክታ። "አትጩህ። መዶሻዬን ከወሰደው ቆየ።"

"ማን?"

"አላውቅም... በረንዳው ስር ነኝ። በመውረጃው መምጣት አልችልም፣ እሱ እዚያ አለ። ከላዬ ክፈትልኝ... በናትህ።"

ወይ አምላኬ! ከላዩ ያለውን ሁሉ በገዛ እጄ መትቼዋለሁ።

ሮጥኩ። ያንን የበሰበሰ ጣውላ በመዶሻም በጥፍርም ነቀልኩት። ከስር ድምፁ እየቀረበ ነው... ኳ... ኳ...

የወንድሜን እጅ አገኘሁ። ጎትቼ አወጣሁት። ዕቃችንን ጥለን ሮጠን፣ መንገድ ላይ አቅፌው አለቀስኩ። ምን ያሳፍራል?

በማግስቱ ዘበኛው ደወሉ።

"እጃችሁ ይባረክ፣ በረንዳው አልቋል። ግን ምነው የነቀላችሁትን ጣውላ ከስር መታችሁት? የምስማሩ ሹል ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል።"

ቀጮም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈትኩት። "መውረጃውስ?"

"እሱማ ክፍት ነው። ደግሞ የሚሠራ ሰው ያለ ይመስላል... ቆይ እስቲ ልየው።"

ቀጮ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

"አባባ! እንዳይወርዱ! አባባ!"

ከስልኩ ውስጥ...

ኳ።

አንዴ ብቻ።