ቦቴው በር ላይ ሲቆም

ጓደኛዋ ማይክራፎኑን ስትጨብጥ ልጅቷ እርር ድብን አለች። ማዘጋጃ ቤቱ በጠራው ስብሰባ የነዋሪዎችን ጥያቄ ከወረቀት እያነበበች የምታሰማ ተማሪ ሲፈለግ፣ «ድምጿ ጥርት ያለ ነው» ተብላ የተመረጠችው ያቺው ጓደኛዋ ናት። ሁልጊዜ እሷ! ፀጉሯ በየቀኑ የሚታጠበውም እሷ፣ ዩኒፎርሟ የሚያብረቀርቀውም እሷ። ልጅቷ ግን ውሃ በሳምንት አንዴ ከሚመጣበት ሰፈር፣ ጠዋት ከሁለት ጄሪካን ጋር ስትታገል ቆይታ ነው የመጣችው።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። ማዘጋጃ ቤቱ አደባባዩ ላይ ፏፏቴ አስገንብቶ ሲያበቃ የውሃ ክፍያ መጨመሩ ሕዝቡን አንጨርጭሮታል።

«ለእኛ ጉሮሮ የጠፋ ውሃ ለአደባባይ ጭፈራ ከየት መጣ?» አሉ ከኋላዋ የተቀመጡ እናት።

«እማማ፣ ፏፏቴው እኮ ሂሳብ አይከፍልም፤ ለዚያ ነው የማይቋረጥበት» ብሎ አንድ ጎረምሳ አሳቃቸው።

ልጅቷ አልሳቀችም። ጥያቄ መሰብሰቢያው ሳጥን ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከትታለች። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዋ ቤት ሲያጠኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ቦቴ በራቸው ላይ ቆሞ የግቢውን ታንከር ሲሞላ አይታለች። የጓደኛዋ አባት የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። «በየቅዳሜው ነው የሚመጣው። ለማንም እንዳትናገሪ፤ እኔንም ሼም ይይዘኛል» ብላት ነበር ጓደኛዋ። ዛሬ ግን ቅናቷ ገነፈለና፣ እስቲ እሷው ታንብበው ብላ ጻፈችው።

ጓደኛዋ ያቺን ወረቀት ከሳጥኑ አውጥታ ከፈተቻት። ስድስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የእጅ ጽሑፉ እንዴት ይጠፋታል! ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት።

ልጅቷ «ዝለያት፣ እባክሽ ዝለያት» ስትል በሆዷ ለመነች።

ብትዘላት ማን ያውቅባታል? ጓደኛዋ ግን ጮክ ብላ አነበበቻት። «የማዘጋጃ ቤቱ ቦቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የውሃ ኃላፊው ቤት የሚያራግፈው በማን ሂሳብ ነው?»

አዳራሹ ተንጫጫ። መድረኩ ላይ የነበሩት አባቷ፣ ወሬውን ያወጣሽው አንቺ ነሽ በሚል ዓይን ልጃቸውን ገላመጧትና ማይክራፎኑን ከእጇ ወሰዱ።

«ይሄ የምቀኛ ወሬ ነው! ስም እንኳ የለውም። እኔ ነኝ የሚል ካለ ይነሳ!»

ማንም አልተነሳም። ምቀኛ የምትለዋ ቃል ልጅቷን ጠዘጠዘቻት፤ ውሸት ነው እንዳትል እውነት ነው። ጓደኛዋ መድረኩ ጥግ ብቻዋን ቆማ ጫማዋን ታያለች። ልጅቷ አሁንም ቀናችባት፤ በፀጉሯ ሳይሆን በድፍረቷ።

«በቃ፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» አሉ ኃላፊው።

ልጅቷ የፊት ለፊቱን ወንበር ተደግፋ ተነሳች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ቀንቼ ነው። ቦቴውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»