ዳለቻ ያስተማረው ቀይ

ዳለቻ ስሙ ካልተጠራ አይነሳም። ይህን የጅሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይገረምበትም። አቶ ሸንቁጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደጃፋቸው ላይ «ዳለቻ! ተነስ እንጂ!» ሲሉ፣ ሹፌር የሌለው አመድማ ትራክተር መብራቱን አብርቶ፣ አጥሩን ሳይነካ ወጥቶ ወደ ጥቁሩ መሬት ይወርዳል። ጥሪው ከዘገየ ደግሞ ጡሩምባውን ይነፋል። «ሰማሁ፣ አትጨቅጭቀኝ» ይሉታል።

ትራክተሩን ያመጣችላቸው ልጃቸው ፀዳለ ናት። ፀዳለ ዜልካን የተባለው አዲስ የውጭ ትራክተር ፋብሪካ በአገር ውስጥ በከፈተው ቅርንጫፍ መሐንዲስ ነበረች። ዜልካን ሲመጣ ገበያውን ብራምቶር የሚባለው ነባሩ ቀይ ትራክተር ከያዘው ቆይቷል። የብራምቶር ጋራዥ በየከተማው አለ፤ መለዋወጫው ከጨውና ከሳሙና ጎን ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። እንግዳው ታዲያ ምን ይዞ ይግባ? የቅርንጫፉ ኃላፊ ኢንጂነር ናደው ዋጋ እንቀንስ ሲል፣ መላ ያመጣችው ፀዳለ ናት። ብራምቶር ሁሉንም ማሳ አንድ ዓይነት ያርሳል፤ የእኛ ግን ባለቤቱን ይስማ አለች። በዚህ ምክንያት ዜልካን ውስጥ የልምድ ቋት ተገጠመ፤ ትራክተሩ የሰማውንና የሠራውን እያጠራቀመ የሚማርበት፣ ሲጠየቅም በአስተማሪው ድምፅ የሚመልስበት አንጎሉ ማለት ነው።

የመጀመሪያው አስተማሪ እንዲሆኑ አባቷን ለመነቻቸው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ከበሬ ጋር የጨረሱ ሰው ናቸውና ድምፃቸውን ለብረት መስጠት አልጣማቸውም።

«ነገ ሌላ መጥቶ ቢወስድብኝስ?» አሏት።

«ያስተማርከው ያንተ ነው አባዬ። ማንም አይነካብህም፤ እኔ አለሁ አይደል?»

ቃሏን አመኑ። ይህችው ቃል ኋላ «ያስተማሩት የእርስዎ ነው» ተብላ በዜልካን ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ወጣች።

ሰኔ ሲገባ የገበሬዎች ማኅበራት ዩኒየን ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ፈተና አዘጋጀ። ዜልካን እዚህ ከተሸነፈ ጓዙን ጠቅልሎ መሄዱ ነው። ዳለቻ በአቶ ሸንቁጥ ማሳ፣ ለፈተናው የመጣው፣ እሱም ሹፌር የሌለው ቀይ ብራምቶር ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ማረስ ጀመሩ። ዳለቻ ውሃ ወደሚቋጥረው ጥግ ሲቃረብ አቶ ሸንቁጥ «ዳለቻ! ዙር!» አሉ።

ዳለቻ ዞረ። ቀዩም ዞረ።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው «ቁም!» አሉ። ሁለቱም ቀጥ አሉ።

«ሁለቱም አንድ ከሆኑማ መለዋወጫው ደጃችን ያለውን ነዋ የምንገዛው!» አለ ዩኒየኑ ከላካቸው መራጮች አንዱ።

የፀዳለ ደም ፈላ። ናደውን ከሰው ለይታ ወሰደችው። «የአባቴን ድምፅ ሸጥክላቸው አይደል?»

«እኔ? የቋቱ ቁልፍ ያለው በማን እጅ ነው? እኔማ የጠረጠርኩት አንቺን ነው!»

ተያይዘው ሄደው የዳለቻን ቋት ከፈቱ። ሌባ አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ ቀዩን ጭቃ ይዞት ሲንፈራገጥ፣ ዳለቻ ትራክተሮች እንዳይጋጩ በሚነጋገሩበት ሬዲዮ የሽማግሌውን ጥሪ ሁሉ ነግሮታል። ቀዩም ጆሮ ነበረው፤ ያጣው የሚያስተምረውን ነው።

«ማን አዘዘህ?» አለችው ፀዳለ።

«ወይፈን ሲገራ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል» አላት ዳለቻ፣ በአባቷ ድምፅ። «ጋሽ ሸንቁጥ እንዲህ ነው የነገሩኝ። ቀዩ አልለመደም ነበር።»

ናደው ፊቱ ተለዋወጠ። «ቋቱን አጥፊው። ሙሉውን። የሬዲዮ ጆሮውንም ዝጊው። ለተፎካካሪ የሚያስተምር ትራክተር ይዘን ከማን ጋር ልንወዳደር ነው?»

«ለአባቴ ቃል ገብቻለሁ እኮ!»

«እንግዲያው ቅርንጫፉ ይዘጋልና ቃልሽን ይዘሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ፀዳለ ወደ አባቷ አየች። ከመራጮቹ መሀል ቆመው ይስቃሉ፤ ነገሩ ደስ ብሏቸዋል። ብትነግራቸው እምቢ እንደሚሉ ታውቃለች። ስለዚህ አልነገረቻቸውም፤ አጠፋችው።

በማግስቱ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ተጣሩ። ዳለቻ አልተነሳም። ደግመው ተጣሩ። ያን ጊዜ መብራቱ በራና አንድ የማያውቁት ቀጭን ድምፅ «እንኳን ወደ ዜልካን በደህና መጡ። እባክዎን ስምዎን ያስመዝግቡ» አላቸው።

ከማዶ ሞተር ተነሳ። የዩኒየኑ ውሳኔ እስኪሰማ እዚያው ያደረው ቀይ፣ ጥሪውን ሰምቶ መጣና ድንበሩ ላይ ቆመ።

ፀዳለ አንገቷን ደፍታ ያደረገችውን ነገረቻቸው። ትናንት ከሃዲ ፍለጋ ስትዋከብ መዋሏ ትዝ ሲላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አባቷ ግን አልተቆጡም። ወደ ዳለቻ ቀርበው ብረቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ምን ይደረግ፣ ወይፈን ሆነ ማለት ነው» አሉ። «ቀዩን ጎኑ ላቁምለትና እንደገና ይማራላ።»

«አይሰማውም አባዬ። ጆሮውን ዘግቼዋለሁ።»

አቶ ሸንቁጥ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። «የሱን ብቻ ነው?» አሏት።

መልሷን ሳይጠብቁ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ። ቀዩ ሞተሩን ሳያጠፋ ድንበሩ ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን ጥሪ ይጠብቅ ነበር።